ስሚዝ ሮክን በአንድ ቀን፦ ከእናትና ከልጅ ጋር ይሆናል?

ብርቱካን ከፖርትላንድ
ሰላም ለሁላችሁ። ነሐሴ ላይ አንድ ቅዳሜ ከፖርትላንድ ተነስተን ስሚዝ ሮክን (ኦሪገን ውስጥ ያለውን የዐለት ገደሎች ፓርክ) አይተን ማታውኑ ልንመለስ ነው። አራት ነን፦ ሁለት ዐዋቂ፣ የ9 ዓመት ልጅና የ64 ዓመት እናቴ። እናቴ ሜዳውን ደህና ትራመዳለች፣ ቁልቁለት ላይ ግን ጉልበቷን ያማታል። ገመድ የለንም፣ ዐለት አንወጣም፣ በእግር ብቻ ነው። ሁሉም ሰው ሚዘሪ ሪጅ የሚባለውን ሸንተረር ውጡ ይላል። በየት በኩል እንዙር? ውሃስ ምን ያህል እንያዝ?

ዳገቱ
እህቴ፣ ርዝመቱ አያስፈራሽ፤ ሙሉ ዙሩ 4 ማይል ገደማ ነው። ከፍታውም ለአዲስ አበባ ሰው ምንም አይደለም፣ የሸንተረሩ ጫፍ 1,000 ሜትር አካባቢ ነው። ሰው የሚጥለው ፀሐዩና ልቅ ጠጠሩ ነው።

ከመኪና ማቆሚያው መጀመሪያ ወደ ክሩክድ ወንዝ ትወርዳላችሁ። ድልድዩን ስትሻገሩ ፊት ለፊት ሽቅብ የሚሄደው ሚዘሪ ሪጅ ነው፣ በግራ ያለው የወንዝ ዳር መንገድ። ሚዘሪ ሪጅ ከድልድዩ እስከ ጫፍ 1 ማይል አይሞላም፣ ግን ከ600 ጫማ በላይ ያስወጣል፤ ጠመዝማዛና ደረጃ ነው፣ ጥላ የለውም። ከጫፉ ማዶ ሜሳ ቨርዴ በሚባለው መንገድ ወርዳችሁ ወንዙን ትይዛላችሁ። ወደ 350 ጫማ የሚቆመውን መንኪ ፌስ በቅርብ የምታዩት በዚያ በኩል ነው፤ የጦጣ ፊት የሚለው ስም ለምን እንደወጣለት እዚያ ሲደርሱ ማንም አይጠይቅም።

በዚያኛው ቁልቁለት ደረቁ አፈር ላይ ጠጠር ተበትኗል፣ እንደ ኳስ እግር ስር ይንከባለላል። ሶሉ ያለቀ ስኒከር እዚያ ዋጋ የለውም። አጭር እርምጃ፣ ጉልበት ትንሽ አጠፍ፣ ሁለት ዱላ።

ሰው የሚረሳው ደግሞ መጨረሻውን ነው፦ ከድልድዩ ወደ መኪናው 200 ጫማ የሚጠጋ ዳገት አለ፣ የሚመጣውም ውሃ ካለቀ በኋላ ነው። ለእሱ ግማሽ ሊትር አስቀሩ።

ጉልበት ጠባቂ
ከላይ የተጻፈው ልክ ነው፣ ግን እናትየዋን በሚዘሪ ሪጅ አታውጧት። ወጥታ ትደርሳለች፤ ችግሩ ከዚያ በኋላ በየትኛውም በኩል መውረድ ግዴታ መሆኑ ነው።

ተከፈሉ። አንድ ዐዋቂ ከእናት ጋር ከድልድዩ በግራ የወንዙን ዳር ይያዝ። እስከ መንኪ ፌስ ግርጌ 2 ማይል ገደማ ነው፣ አልፎ አልፎ ድንጋይ ቢኖርበትም ሜዳ ነው፣ በዚያው ይመለሳሉ። ሌላው ከልጁ ጋር በሸንተረሩ ይውጣ። መገናኛችሁ ሜሳ ቨርዴ ከወንዙ መንገድ የሚገጥምበት ቦታ ይሁን፤ ቀድሞ የደረሰ እዚያው ይቀመጥ፣ ፍለጋ አይውጣ። ጫፉ ላይ አጥር የለም፣ የልጁን እጅ ያዙ።

የወንዙ መንገድ ሞርኒንግ ግሎሪ በሚባለው ግድግዳ ስር ያልፋል፣ ዐለት ወጪዎቹ የሚበዙት እዚያ ነው። በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ስፖርት ክላይሚንግ (ዐለቱ ላይ አስቀድሞ በተተከሉ ብሎኖች ገመድ እያያዙ መውጣት) የተስፋፋው ከዚህ ነውና ማየቱ ደስ ይላል። ግን ከርቀት እዩ፤ ከላይ ድንጋይም ዕቃም ይወድቃል። መሬት የተዘረጋ ገመድም አትርገጡ፣ የገባ አሸዋ ውስጥ ውስጡን ይበላዋል። አስተሪስክ ፓስ በሚባለው ክፍተት ሰዎች ሲያቋርጡ ብታዩ አትከተሉ። በእጅ ተይዞ የሚታለፍ ገደል እንጂ የእግር መንገድ አይደለም።

ብርቱካን ከፖርትላንድ
እግዜር ይስጥልኝ። እናቴ ፍልሰታን ትጾማለች፣ ይህስ እንዴት ይሁን?

መንገደኛ
ቅዳሜ መሆኑ ጠቀማችሁ። ቅዳሜና እሁድ ከጥሉላት ነው እንጂ እስከ 9 ሰዓት ከእህል ውሃ አይከለከልም። በሥራ ቀን ቢሆን ግን ያለ ውሃ በዚያ ሙቀት መሄድ አይሆንም፣ ከነሐሴ 16 በኋላ አድርጉት ባልኩ ነበር። መስከረም አየሩም ይሻላል።

ውሃ በነሐሴ ለዐዋቂ 3 ሊትር፣ ለልጅ 2፣ መኪና ውስጥ ደግሞ ተጨማሪ 4። ከድልድዩ ወዲያ የሚቀዳ ውሃ የለም። የወንዙን አትጠጡ፣ በእርሻና በግጦሽ መሬት አልፎ ነው የሚመጣው፤ ማጣሪያ ደግሞ ኬሚካል አያወጣም። ከቆሎ ጋር ብርቱካን ወይም ቴምር ያዙ፣ ቆሎ ብቻውን ጉሮሮ ያደርቃል።

ሰዓቱን በሐበሻ ልጻፍ፦ ከፖርትላንድ ሌሊት 10 ሰዓት ተነሱ። በሃይዌይ 26 ማውንት ሁድን አልፋችሁ እስከ ማድራስ፣ ከዚያ በ97 ወደ ደቡብ እስከ ቴረቦን፣ እዚያ ወደ ግራ። 3 ሰዓት ያህል ነው፣ ጠዋት 1 ሰዓት ትደርሳላችሁ። ቤንዚን ማድራስ ሙሉ። ቅዳሜ ማቆሚያው ቶሎ ይሞላል፣ የቀን መኪና ማቆሚያ ክፍያም አለ። 5 ሰዓት ላይ ሁላችሁም ከሸንተረሩ ወርዳችሁ ወንዙ ዳር ሁኑ።

ራትልስኔክ፣ ጅራቱን የሚያንኳኳ መርዘኛ እባብ፣ አለ። ልጁ እጁን ድንጋይ ስር አያስገባ፣ ከመንገዱም ወጥቶ ሣር ውስጥ አይግባ። ድምፁን ከሰማችሁ ቁሙ፣ የት እንዳለ እዩ፣ ከዚያ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ።