ካርቶን ሙሉ የ90ዎቹ ሂፕሆፕ ካሴት እጄ ገብቷል፣ ለገበያ ያልወጣውን ከወጣው እንዴት ልለይ?

የብሮንክስ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የድሮ ሂፕሆፕ የምታሳድዱ ሰዎች እዚህ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ እባካችሁ ምክር ስጡኝ። ጎረቤቴ ከብሮንክስ ለቆ ወደ ሌላ ግዛት ሲሄድ ጓዙን ለማቅለል ብሎ አንድ ካርቶን ካሴት ሰጠኝ። በፈረንጆቹ 90ዎቹ ሰፈር ውስጥ ዲጄ ነበር፣ የዚያን ዘመን ራፕ እንደምወድም ያውቃል። ግማሹ ከሱቅ የተገዛ ነው፣ እሱ የትም አለ። የቀረው ግን በእጅ የተጻፈበት ነው። አንዱ «ሐሙስ ሌሊት፣ ፌብሩዋሪ 95» ይላል። ሌላው «ዴሞ፣ 4 ዘፈን» ይልና ከሥሩ የቡድን ስምና የፔጀር (የዚያን ዘመን የመልእክት መጥሪያ) ቁጥር አለው፤ ስሙን የትም ብፈልግ ምንም አይመጣም። ከመሃላቸው ደግሞ ከተለመደው ካሴት በጣም የምታንስ፣ «ዳት» የተጻፈባት አንዲት ነገር አለች።

የትኛው በእርግጥ ያልወጣ እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ወደ ኮምፒውተር ስገለብጠውስ ሳላበላሸው እንዴት? ፎቶውን አንድ ቦታ ለጥፌው ነበርና አንድ ሰውዬ ካርቶኑን እንዳለ ልግዛህ ብሎ ደህና ብር አቅርቦልኛል። ግን ለራስህ ምንም ቅጂ እንዳታስቀር ነው የሚለው። ይሄ የተለመደ ነገር ነው?

ሸክላ ፈላጊ፦

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ለዚያ ሰውዬ እንዳትሸጥለት። ቅጂ አታስቀር የሚል ገዢ የፈለገው ሙዚቃውን ሳይሆን «እኔ ብቻ ነው ያለኝ» ማለትን ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው እጅ የገባ ካሴት ማንም ሳይሰማው ዓመታት ይቀመጣል፣ ክሩ ደግሞ እየቆየ መድከሙ አይቀርም።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ብዙ ሰው ያልወጣ ሲባል ትዝ የሚለው ትልልቅ ኩባንያዎች አስቀርጸው መደርደሪያ ላይ የተዉት አልበም ነው። ከነዚያ ውስጥ ስመ ጥሮቹ ዛሬ ወጥተዋል፣ ስለዚህ ካሴትህ ላይ ብታገኛቸው ደስ ይላል እንጂ አዲስ ግኝት አይደሉም። ኬኤምዲ የሚባለውን የራፕ ቡድን ሁለተኛ አልበም ውሰድ። ከሁለቱ ወንድማማቾች አንዱ፣ ሳብሮክ፣ በ1993 መኪና ገጭቶት ሞተ። ወንድሙ ዜቭ ላቭ ኤክስ አልበሙን ጨረሰው። በ1994 ሊወጣ ሲል ኩባንያው ኤሌክትራ በሽፋኑ ሥዕል ሰበብ ሰረዘው፤ ሥዕሉ ጥቁሮችን ለማዋረድ ይሳል የነበረውን የድሮ ምስል ተሰቅሎ ያሳይ ነበር፣ ማለትም ያንን ስድብ ነው የሰቀለው። የኩባንያው ሰዎች ይህን ለመረዳት አልሞከሩም ባይ ነኝ። አልበሙ ለዓመታት ከካሴት ካሴት ሲገለበጥ ቆይቶ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው በወግ የታተመው። ዜቭ ላቭ ኤክስ በበኩሉ ጭምብል አጥልቆ ኤምኤፍ ዱም ሆኖ ተመለሰ፣ የቀረውን ታውቁታላችሁ።

የላርጅ ፕሮፌሰርም እንዲሁ ነው። ራፐሩን ናስን በ1991 ለመጀመሪያ ጊዜ በሸክላ ያሰማን ቡድን መሪ የነበረ ሰው፣ የራሱ አልበም በ1996 ጌፈን የሚባል ኩባንያ ቤት ተቀርቅሮ ቀርቶ በ2009 ነው በይፋ የወጣው። የፕሮዲዩሰሩ የፒት ሮክ ታናሽ ወንድም ያለበት አይኤንአይ የሚባል ቡድንም አልበሙ ኤሌክትራ ቤት ቀርቶ በ2003 በእንግሊዙ አሳታሚ ቢቢኢ በኩል ወጣ።

አንዳንዱ ደግሞ የቀረው በሳምፕል፣ ማለትም ከሌላ ዘፈን ቆርጦ በሚወሰድ ድምፅ ሰበብ ነው። በ1991 ራፐሩ ቢዝ ማርኪ ሳያስፈቅድ በወሰደው ዜማ ተከስሶ ዳኛው ፍርዱን የጀመሩት «አትስረቅ» ከሚለው ትእዛዝ ነው፣ አልበሙም እንዳይሸጥ ታገደ። ከዚያ በኋላ ኩባንያዎች ፈቃድ ያልተገኘለትን ነገር ለማውጣት ፈሩ። ቢቱን (ከግጥሙ ሥር ያለውን ሙዚቃ) አስቀይረው ያወጡት ዘፈን ብዙ ነው። ስለዚህ ግጥሙን ብታውቀው እንኳ «ይሄማ ወጥቷል» ብለህ አትለፈው፣ ከበስተኋላ ያለውን ሙዚቃ አዳምጥ። ዴሞው ላይ ያለው ሌላ ሊሆን ይችላል።

ያንተ ዴሞ ግን ከነዚህ ሁሉ ይለያል። ስሙ የትም የማይገኝ፣ የፔጀር ቁጥር ያለበት ዴሞ ማለት አንድ ዲጄ እጅ ላይ «ብትወደው ደውልልን» ተብሎ የተሰጠ ነው። የዚያ ዓይነቱ ካሴት ስንት ቅጂ ይኖረዋል? እኔ ብሆን ከካርቶኑ ቀድሜ የምገለብጠው እሱን ነው።

ሌሊት ጠባቂ፦

«ሐሙስ ሌሊት» የሚለውን ሳነብ ልቤ ነው ቀጥ ያለው! ከጓደኞቼ ጋር ገና ተማሪ ሳለን ስንቱን ሐሙስ ያለ እንቅልፍ አሳልፈናል። ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ባለው ደብልዩኬሲአር፣ 89.9 ኤፍኤም፣ ከ1990 እስከ 1998 ስትሬች አርምስትሮንግና ቦቢቶ ያዘጋጁት ፕሮግራም ነበር። ከሌሊቱ 7 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት። ውል የሌለው ልጅ ሁሉ እዚያ ማይክ ይጨብጥ ነበር። ናስ፣ ቢጊ፣ ዉታንግ ገና ማንም ሳያውቃቸው በዚያ በኩል አልፈዋል። የ95ቱ ፌብሩዋሪ ደግሞ ቢግ ኤልና ጄይ ዚ እየተቀባበሉ ፍሪስታይል (በቦታው የሚባል ራፕ) ያደረጉበት ወር ነው። የቢግ ኤል የመጀመሪያ አልበም ሊወጣ ሳምንታት ቀርተውት ነበር፣ ጄይ ዚ አልበም እንኳ አልነበረውም። ቢግ ኤል በ1999 ሃርለም ውስጥ ተገደለ፣ ያቺን ሌሊት ደጋግመን የምንሰማትም ለዚህ ነው።

ግን ልብ በል። ያቺ የፍሪስታይል ቁራጭ በየቦታው አለች። ካሴትህ ዋጋ ካለው ዋጋው ከሷ በፊትና በኋላ ያለው ነው፤ ስሙን ተናግሮ ስምንት መስመር ብሎ የጠፋው ልጅ፣ በዚያ ሌሊት ብቻ የተሰማ ዴሞ፣ የሁለቱ አዘጋጆች ጨዋታ። የ90 ደቂቃ ካሴት አንዱ ጎኑ 45 ደቂቃ ነው። ፕሮግራሙ 4 ሰዓት ነው። ስለዚህ የካሴቱ ጎን ሲዞር የተቆረጠ፣ የቀጂው እንቅልፍ የበላው ብዙ ነው፣ አንተ ጋ ያለው ሰዓት ሌላ ማንም ላይቀዳው ይችላል። ዝም ብለህ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገልብጠው፣ ወሬውንም ማስታወቂያውንም አትቁረጥ። ቀኑን የምታረጋግጠው ከዚያ ወሬ ነው፤ የትኛው ክለብ ዛሬ ማታ ማን አለ፣ የትኛው ሸክላ በዚህ ሳምንት ወጣ፣ ሁሉንም ይናገራሉ።

ጋሽ ክሩ፦

ልጄ፣ እኔ ራፑን ብዙም አላውቀውም። ክር ግን አውቃለሁ፣ አዲስ አበባ ሙዚቃ ቤት ካሴት ሳባዛ ነው ያደግሁት፣ እዚህ ዲሲም መጥቼ ከድምፅ ሥራ አልወጣሁም።

መጀመሪያ ካሴቱ አናት ላይ ያሉትን ሁለት የፕላስቲክ ጥርሶች ስበራቸው። በስህተት የመቅጃው ቁልፍ ቢነካ እንኳ አይጠፋብህም። ቀጥሎ ስፖንጇን እያት፣ ክሩን ከሄዱ (ድምፁን ከሚያነበው የቴፑ ክፍል) ጋር የምታስጠጋው ናት። ከብዙ ጊዜ በኋላ ማስቲሹ ይደርቅና ትወድቃለች፣ ያኔ ድምፁ እየራቀ እየቀረበ ይሄዳል። ወድቃ ከሆነ ካሴቱ በብሎን የታሰረ እንደሆነ በካቻቪቴ ፈትተህ ክሩን ደህና ወደሆነ ሌላ ቤት ማዛወር ትችላለህ። ከዚያ በቢክ እስክሪብቶ ትንሽ አጠንጥን፣ ከተለቀቀልህ ማሽኑ ላይ እስከ ጫፍ አጠንጥነህ መልሰው። ለዓመታት ተጣብቆ የኖረ ክር በቀጥታ ሲጫወት እየተያዘ ይጎተታል።

የቴፑን ሄድ በአልኮልና በጥጥ ጥረግ። አሁን ዋናው ነገር፣ ብዙዎቹ የሚዘሉት። ሄዱ አጠገብ አንዲት ትንሽ ብሎን አለች። ካሴቱን የቀዳው ማሽንና ያንተ ማሽን ሄዳቸው አንድ ዓይነት አቅጣጫ ላይ አይደለም። ካሴቱ እየተጫወተ ብሎኗን በቀስታ ወዲህ ወዲያ ስታደርጋት ከበሮው ላይ ያለው ሲምባል ድንገት ጥርት የሚልበት ቦታ አለ። እዚያ ተው። ለእያንዳንዱ ካሴት እንደገና ትሠራዋለህ። ይሄን ሳያደርግ ገልብጦ «ድሮ የተቀዳ ስለሆነ ድምፁ ታፍኗል» የሚል ሰው ስንቱን ቀረጻ አፍኖ አስቀምጦታል!

ስትቀዳ ዋቭ (ድምፁ ሳይታመቅ የሚቀመጥበት ፋይል) አድርገህ፣ በ24 ቢት። ኤምፒስሪ ለጓደኛ ለመላክ ነው። ሸሽሽ የሚለውን ድምፅ ላጥፋ ብለህ ዋናውን ቅጂ አትንካው፤ ሌላ ቅጂ አውጥተህ በሱ ተጫወት። ክር ምድጃ ውስጥ ይጋገራል የሚሉህን ካየህ ደግሞ እሱ እንደ አምፔክስ 456 ላሉ የድሮ ትልልቅ የስቱዲዮ ሪሎች ነው፣ ካሴት እንዳታበስልብኝ።

የሂውስተኗ፦

ጋሼ ያሉትን ሁሉ ያዝ። እኔ የምጨምረው የኒውዮርክ ሰዎች ስለሚረሱት ነገር ነው። በዚያን ጊዜ ሬዲዮም ኩባንያም የማያስፈልጋቸው ከተሞች ነበሩ። እኛ ጋ ዲጄ ስክሩ ነበር። ዘፈኑን አዘግይቶ፣ ቆራርጦ፣ ግራጫ ካሴት ላይ ቀድቶ ከቤቱ በር ላይ ይሸጥ ነበር፣ ሌሊት መኪና ተሰልፎ። ሰው የሚወደውን የዘፈን ዝርዝር ይዞ ሄዶ ያስቀዳ ነበር። የልደት ካሴት ሁሉ አለ፣ ለአንድ ጓደኛቸው ልደት በ1996 የተቀዳው ፍሪስታይል ከግማሽ ሰዓት በላይ ነው፣ እስከዛሬ ቀኑን ጠብቀን እናከብረዋለን። ስክሩ በ2000 ሞተ። የሸክላ ስብስቡን አሁን የሂውስተን ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይዞታል። ያ በጣም ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሰብሳቢ ሳሎን ከሚቀመጥ ሁሉም የሚደርስበት ቦታ ይሁን። ኮርኔል ዩኒቨርሲቲም ከ2007 ጀምሮ የሂፕሆፕ ስብስብ አለው፣ ያንተ ከኒውዮርክ ስለሆነ እነሱን ጠይቃቸው።

ሜምፊስም እንደዚሁ ነው። እነ ዲጄ ስኩዊኪ፣ እነ ቶሚ ራይት ሦስተኛው፣ እነ ስሪ ሲክስ ማፊያ ከአልበም በፊት በየመኪና ቴፕ ሱቁ በሚሸጥ ካሴት ነው ከተማውን የያዙት። በኋላ ልጆች ኢንተርኔት ላይ ጫኑትና ዓለም አገኘው፣ ከሩሲያ እስከ ብራዚል ያለ ልጅ ሁሉ ፎንክ የሚባል ሙዚቃ ከነሱ ድምፅ ወስዶ ይሠራል። እሱ ባይጫን ኖሮ ብዙው ተረስቶ ይቀር ነበር። ስለዚህ እኔ ብሆን ጫነው ነው የምለው።

ሸክላ ፈላጊ፦

እህቴ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። የሜምፊሶቹ ካሴታቸውን ለሕዝብ ሸጠዋል፣ ያንን መጫን አንድ ነገር ነው። ይሄ ዴሞ ግን ለአንድ ዲጄ እጅ የተሰጠ ነው፣ ያሰሙት ሰዎች ዛሬ ሃምሳ ዓመት አካባቢ ይሆናሉ፣ በሕይወት ይኖራሉ። ሳይጠየቁ ሥራቸው ተጭኖ ሌላ ሰው ሸክላ ሲያሳትምበት ያዩ ራፐሮች ስንት ናቸው? በእንግሊዝ ቾፕድ ሄሪንግ፣ በሚልዋኪ ዶፕ ፎክስ የሚባሉ ትንንሽ አሳታሚዎች አሉ፣ እንዲህ ያሉ ዴሞዎችን ከባለቤቶቹ ጋር ተስማምተው በጥቂት መቶ ሸክላ ያወጣሉ። ልጆቹ ያልደረሳቸው ብር ቢያንስ ሲሸመግሉ ትንሽ ይድረሳቸው።

ለመፈለግ መንገድ አለ። በዚያን ዘመን ዴሞ የሚሠሩ ልጆች እንዳይሰረቁ ብለው ካሴታቸውን ዋሽንግተን ለኮፒራይት ቢሮ ይልኩ ነበር። የቢሮው መዝገብ ከ1978 ወዲህ ያለው ኢንተርኔት ላይ ይፈለጋል፣ በዘፈን ርዕስ ሞክር። የዘፈን ደራሲዎችን ክፍያ የሚሰበስቡት አስካፕና ቢኤምአይም እንዲሁ የጸሐፊ ስም ያሳያሉ። ከሁሉ በፊት ግን ጎረቤትህን ደውለህ ለምን አትጠይቀውም? ካሴቱን የተቀበለው እሱ አይደል።

የብሮንክስ ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለሰውዬው አልሸጥም ብዬዋለሁ፣ ዋጋ ጨመረ፣ አሁንም አይሆንም አልኩት።

ጋሼ፣ ብሎኗን እንዳሉኝ አደረግኋት። ዴሞው ላይ መጀመሪያ የልጁ ድምፅ ከብርድ ልብስ ሥር የሚመጣ ይመስል ነበር፣ ትንሽ ሳዞራት ትንፋሹ ሁሉ ተሰማ። ሦስተኛው ዘፈን መሃል ላይ ከኋላ በር ተከፍቶ ሴትዮ የሆነ ነገር ስትጠራቸው ይሰማል፣ ልጁ ሳያቆም ግጥሙን ይጨርሳል። ግጥሙ ስለ ሰፈራቸው የፈረሰ ሕንጻ ነው፣ በጣም ጎበዝ ልጅ ነው።

ጎረቤቴን ደወልኩለት። ወዲያው አስታወሳቸው። ከሁለቱ አንደኛውን እስከ ዛሬ ያውቀዋል፣ ዮንከርስ ነው የሚኖረው፣ አገናኘን። ሰውየው የራሱ ቅጂ የለውም። ከወንድሙ ጋር ነው የሠሩት፣ ወንድሙ አርፏል። ስለመጫንም ስለ ሸክላም አሁን አልተነጋገርንም፣ መጀመሪያ ለእናቴ ላሰማት አለኝ፣ ፋይሉን ዛሬ ልኬለታለሁ። ካሴቱንም እመልስለታለሁ። ሌላው የእሱ ውሳኔ ነው።

የሐሙሱን ገና እየገለበጥኩ ነው። የቀረችው ዳቷ ናት።

ጋሽ ክሩ፦

ጎሽ ልጄ። ዳቷን ግን ከሰው በተዋስከው ማሽን እንዳትሞክራት። ዳት ዲጂታል ነው፣ ክሩ ወርዱ 4 ሚሊ ሜትር አይሞላም፣ እንደ ቪዲዮ በሚሽከረከር ሄድ ነው የሚነበበው። ካሴት ሲጎዳ ድምፁ ይደክማል እንጂ ይሰማል፣ ዳት ሲጎዳ ግን ድምፁ ድርግም ነው የሚለው። ሶኒ ማሽኑን መሥራት ያቆመው በ2005 ስለሆነ ያሉት ሁሉ ያረጁ ናቸው፣ ክር ይበላሉ። ዳት የሚገለብጥ የታወቀ ስቱዲዮ ፈልግ፣ ማሽኑን መቼ እንዳስጠገኑት ጠይቅ፣ በመጀመሪያው ማጫወት እንዲቀዱልህ ንገራቸው፤ ሁለተኛ ዕድል ላይሰጥ ይችላል። እስከዚያ ድረስ ከስፒከርና ከሙቀት አርቀህ አቁመህ አስቀምጣት።

የብሮንክስ ልጅ፦

እሺ ጋሼ። ኒውዮርክ ወይም ኒው ጀርዚ ውስጥ ዳት የሚገለብጥ የምታውቁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ማሽኑን በቅርብ ያስጠገነ ቢሆን ይመረጣል።