ስሱ ፊልሜ ቀድሞ ይለሰልሳል፤ መሣሪያው ነው ወይስ እኔ?

ጀማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፖሊስታይሪን የተባለውን ፕላስቲክ በቶሉዊን (ፈሳሽ ማሟሚያ ነው) አሟሙቼ ሲሊከን ዌፈር፣ ማለትም ስስ የሲሊከን ዝርግ፣ ላይ በስፒን ኮተር (እያሽከረከረ በሚቀባ መሣሪያ) ቀባሁ። ውፍረቱ 20 ናኖሜትር ነው። እያቀዘቀዝኩ በኤሊፕሶሜትር (የፊልም ውፍረትን በብርሃን በሚለካ መሣሪያ) ስለካው የመስታወት ሽግግር ሙቀቱ፣ ማለትም ጠንካራው ፕላስቲክ መለስለስ የሚጀምርበት ሙቀት፣ ቲጂው ማለቴ ነው፣ 86 ዲግሪ ሴልሺየስ ወጣ። ዱቄቱ ራሱ ግን በዲኤስሲ (ናሙና ሲሞቅ የሚወስደውን ሙቀት በሚለካ መሣሪያ) 100 ነበር። በሦስት ናሙና ሞከርኩ፣ ያው ነው። የት ጋ ተሳሳትኩ?

ላብ አዳሪ፦
መጀመሪያ ቶሉዊኑን ጠርጥሪ። ትንሽ እንኳ ከቀረ የፖሊመሩን (የፕላስቲኩን) ረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች ያላላቸዋል፤ ቲጂው ይወርዳል። ቫክዩም ውስጥ ከ100 በላይ አቆይተሽዋል?

ጀማሪዋ፦
አዎ፣ 120 ላይ ሌሊቱን ሙሉ።

ስስ ሽፋን፦
እንግዲያው አልተሳሳትሽም፣ እህቴ። ኬዲ፣ ጆንስና ኮሪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 እንዳንቺው ሲሊከን ላይ ለክተው፣ ፊልሙ ከ40 ናኖሜትር ገደማ ሲሳሳ ቲጂው እየወረደ እንደሚሄድ አሳይተዋል። በእነሱ ቀመር ሲሰላ 20 ናኖሜትር ላይ 14 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ያንቺው ቁጥር ነው እኮ!

ምክንያቱ ላይ ገና ይጨቃጨቃሉ። እኔን የሚያሳምነኝ የላይኛው ገጽ ነው። አየር የሚነካው ሞለኪውል በላዩ የሚጫነው ጎረቤት የለውም፤ ስለዚህ ቀድሞ ይንቀሳቀሳል። ያ ንብርብር ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ነው። ወፍራም ፊልም ውስጥ ከቁም ነገር አይገባም፣ ያንቺ ውስጥ ግን ድርሻው ትልቅ ነው። ከሥሩ ምንም ሳይኖር ሁለቱም ገጹ አየር የሚነካው ፊልም ደግሞ ከዚህም በጣም ይወርዳል።

ላብ አዳሪ፦
እሺ፣ እጄን ሰጥቻለሁ። ግን 200 ናኖሜትር ቀቢና በዚያው መሣሪያ ለኪ። 100 አካባቢ ካልመጣ የዋሸሽ ማሞቂያው ነው። የማቀዝቀዣ ፍጥነትሽንም መዝግቢ፤ ፍጥነቱ 10 እጥፍ ሲለያይ ቲጂው 3 ዲግሪ ያህል ይንሸራተታል። ዲኤስሲው ላይ ምናልባት በፍጥነት ሄደሽ ይሆናል።

ጠርዝ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ሁሉም ፖሊመር እንዲህ ነው ብለሽ እንዳትጽፊ። ፒኤምኤምኤ የተባለው ሌላ ፕላስቲክ ሲሊከን ኦክሳይድ ላይ ቲጂው ጭራሽ ከፍ ይላል፤ ከሥሩ ያለውን ገጽ በሃይድሮጅን ቦንድ ቆንጥጦ ይይዛላ። ወርቅ ላይ ግን ይወርዳል። ደግሞ ፊልሞቹን በማይክሮስኮፕ አይተሻቸዋል? ይሄን ያህል የሳሳ ነገር 120 ላይ ሲያድር መበሳሳት ይወዳል።

ጀማሪዋ፦
200ው 99 ሰጠኝ፣ ተመስገን! ማይክሮስኮፕ ሥር ግን አንዱ 20 ናኖሜትር ጥጉ ላይ ወንፊት ሆኗል። እሱን ጥዬ እንደገና እየቀባሁ ነው።