አዲስ የተዋቀረው የኮሌጃችን የቅርጫት ኳስ ቡድን፦ ዘንድሮ ምን እንጠብቅ?

የሳቢያን ልጅ፦

ጤና ይስጥልን። በድሬዳዋ በሚገኝ አንድ ኮሌጅ የወንዶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ውስጥ የተማሪዎች አስተባባሪ ሆኜ አገለግላለሁ። ባለፈው ሰኔ አምስቱም ቋሚ ተሰላፊዎቻችን ከአራት ተቀያሪዎች ጋር ተመርቀው ስለወጡ ከአሥራ ሁለቱ የቀሩልን ሦስት ተቀያሪዎች ብቻ ናቸው፤ ከሦስቱም ኳሷን በጫና ውስጥ ይዞ መሀል ሜዳን መሻገር የሚችለው አንዱ ነው። ዘጠኙ አዲስ ገቢዎች ቁመትም ሩጫም አላቸው። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ በየሰፈሩ በአንድ ቀለበት ሦስት ለሦስት እየተጫወቱ ያደጉ በመሆናቸው፣ 28 ሜትር በሚረዝም ሙሉ ሜዳ ላይ ኳስ በተነጠቀችበት ቅጽበት ዞሮ ወደ ኋላ መሮጥ ገና አልተዋሐዳቸውም።

የኮሌጁ አስተዳደር የዓመቱን ግብ በጽሑፍ እንድናቀርብ ጠይቆናል፤ አሠልጣኛችን ደግሞ ጽሑፉን ለእኔ ትተውልኛል። ደጋፊው ያለፈውን ዓመት ቡድን እያሰበ ዋንጫ ይጠብቃል፤ እኔ በበኩሌ ግማሹን ጨዋታ ብናሸንፍ ደስታዬ ነው። ውድድሩ ሳይጀመር ከእንዲህ ዓይነት ቡድን ምን መጠበቅ ተገቢ ይሆናል?

የከዚራ ጥላ፦

ወንድሜ፣ ከብዙ ዓመታት በፊት እንዲሁ ከባዶ በተነሣ የኮሌጅ ቡድን ውስጥ ተጫውቻለሁ፤ በዚያ ዓመት ያሸነፍናቸው ጨዋታዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ስለዚህ የምመክርህ የድል ቁጥር እንዳትጽፍ ነው። አዲስ ቡድን የሚሸነፈው ቀለበት ስለሚስት ሳይሆን፣ ወደ ቀለበቱ ሳይወረውር ኳሷን ለተጋጣሚ ስለሚያስረክብ ነው። ደንቡ ኳሷን ከራስ ሜዳ ለማውጣት 8 ሰከንድ፣ ለመወርወር ደግሞ 24 ሰከንድ ይሰጣል፤ ልምድ ያለው ተጋጣሚ ኳስ አሻጋሪያችሁ አንድ ብቻ መሆኑን በመጀመሪያው ሩብ ከተረዳ ሁለት ሰው ይልክበትና እነዚያን ስምንት ሰከንዶች ወጥመድ ያደርጋቸዋል። ከአዲሶቹ መካከል ቢያንስ ሁለቱ፣ ረጃጅሞች ቢሆኑም እንኳ፣ ኳስ ማሻገርን ከአሁኑ ይለማመዱ። በልምምድ ጨዋታ ወቅት አንድ ሰው ወረቀት ይዞ ሳይወረወሩ የጠፉትን ኳሶች ብቻ ይቁጠር። ያ ቁጥር ከሳምንት ሳምንት እየቀነሰ ከሄደ ቡድኑ እየተሠራ ነው፤ ካልቀነሰ ግን ሁለት ሦስት ጨዋታ በዕድል ብታሸንፉም አትታለሉ።

ሁለተኛው የአዲስ ልጆች በሽታ እጅ ነው። እግራቸው ሲዘገይ በእጃቸው ይከላከላሉ። በአንድ ሩብ ውስጥ የቡድኑ ጥፋት አራት ከሞላ በኋላ በመከላከል ላይ የሚሠራ እያንዳንዱ ጥፋት ለተጋጣሚ ሁለት ነጻ ውርወራ ያሰጣል፤ አምስት ጥፋት የሠራ ተጫዋች ደግሞ ከጨዋታው ይሰናበታል። እኛ ያኔ የነበረን አንድ ረጅም ልጅ ነበር፤ ሦስተኛው ሩብ ሳያልቅ ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ ከተጠባባቂዎች ጋር ያልተቀመጠበትን ቀን አላስታውስም። እንግዲህ በልምምድ ላይ ሩቡን አራት ጥፋት እንደሞላባቸው አድርጋችሁ አስጀምሯቸው፤ እጅ የሚሰበሰበው ያኔ ነው።

ጀጎል ማዶ፦

የምጽፈው ከሐረር ነው፤ ታዳጊዎችን አሠለጥናለሁ። ስለ ጠፉ ኳሶች የተባለውን እቀበላለሁ፤ ድልን ከወረቀቱ ማውጣትን ግን አልቀበልም። ማሸነፍ እንደሚጠበቅበት ያልተነገረው ልጅ በመጨረሻዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ለምን ብሎ ይሮጣል? ይልቅስ ድሉን በራሳችሁ ሜዳ ለምታደርጓቸው ጨዋታዎችና ለዓመቱ ሁለተኛ አጋማሽ ወስኑት።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትገኝ ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ፣ ሐሮማያ ደግሞ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። የደንገጎን አቀበት ወጥቶ በዚያው ዕለት የሚጫወት የድሬ ቡድን ከሁለተኛው ሩብ በኋላ ትንፋሽ ሲያጥረው በተደጋጋሚ አይቻለሁ፤ እግር ሲዝል ውርወራው ቀለበቱ ጋ ሳይደርስ ይወድቃል፣ ተመልካቹም ልጁ ዒላማ የለውም ይላል። ስለዚህ ወደ እኛ ስትወጡ አምስት ሰው ብቻ ይዛችሁ አትሞክሩት፤ ዘጠኝ ወይም አሥር ልጅ ቶሎ ቶሎ የሚቀያየርበትን አሠራር ከአሁኑ ጀምሩ። ለአዲስ ቡድንም የሚበጀው ይኸው ነው፣ ሁሉም ይፈተናልና። እኛ በበኩላችን እናንተ ዘንድ ስንወርድ በሙቀቱ እንቀልጣለን። ጨዋታው በገላጣ ሜዳ ከሆነ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ አስይዙት ብዬ ብመክርህ የከተማዬ ሰዎች ይቀየሙኛል።

ኳስ ተመልካች፦

ደጋፊው ተሰጥኦ ያላቸውን አዲሶች አይቶ ዋንጫ እንዳይመኝ አንድ ምሳሌ ላንሣ። በአሜሪካ የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2012 ሻምፒዮን ሆነ፤ ወዲያው አምስቱም ቋሚ ተሰላፊዎቹ ወደ ኤንቢኤ ሄዱ። በምትካቸው እጅግ የተወራላቸው ወጣቶች ቢመጡም፣ በ2013 ቡድኑ ወደ ዋናው ብሔራዊ ውድድር ሳይመረጥ ቀረ፤ በሁለተኛ ደረጃው ውድድርም ገና በመጀመሪያው ጨዋታ በሮበርት ሞሪስ ዩኒቨርሲቲ 59 ለ57 ተሸነፈ። እርግጥ ነው፣ መሀል ላይ የሚጫወተው ኔርለንስ ኖኤል የካቲት ላይ ጉልበቱን ተጎድቶ ስለነበር ጥፋቱ የወጣትነት ብቻ አይደለም። ቢሆንም ቦታውን በልምድ የሚሸፍን አንጋፋ አልነበራቸውም።

እነርሱ ዘንድ ዛሬ ልምድ ያለውን ተጫዋች ከሌላ ኮሌጅ አዛውሮ ቀዳዳ መድፈን ቀሏል። እኛ ዘንድ ግን ቡድኑ የሚሠራው ሊማር ከተመዘገበው ልጅ ነው። ስለዚህ የሦስቱን ነባሮች ነገር አደራ፤ ከአዲሶቹ ያነሰ ችሎታ ቢኖራቸውም እንኳ በየሩቡ አንዳቸው ሜዳ ላይ ይኑሩ።

የሳቢያን ልጅ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ ከዚራ፣ የጠፉትን ኳሶች ትናንት ማታ በልምምድ ላይ ቆጥሬ ነበር፤ ሠላሳ ላይ ስደርስ ወረቀቱን አጠፍኩት። አሠልጣኝ ጀጎል፣ የእርስዎንም አሳብ ተቀብዬ በራሳችን ሜዳ ከምናደርጋቸው ጨዋታዎች አብዛኞቹን ማሸነፍ የሚለውን አስገብቻለሁ፤ ከሜዳችን ውጪ ግን በጠፉ ኳሶችና በጥፋት ቁጥር ብቻ እንድንመዘን ጽፌያለሁ። አስተዳደሩ ይህን እንዴት እንደሚያየው አላውቅም። የመጀመሪያው የልምምድ ጨዋታ ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ ይጀመራል፤ ድሬ ያላችሁ ሁለት ሰዎች እስክሪብቶ ይዛችሁ ብትመጡ አንዳችሁ ኳሱን፣ ሌላችሁ ጥፋቱን ትቆጥሩልኛላችሁ።