«የሌና»፣ «ኦሌና»፣ «እሌኒ»፦ የእናቴ ስም በሦስት ሰነዶች ላይ በሦስት ዓይነት ተጽፏል፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። እናቴ ዩክሬናዊት ናት። አባቴ በሶቪየት ኅብረት ዘመን ለትምህርት ወደ ካርኪቭ ሄዶ ሳለ ተዋውቀው በ1986 እ.ኤ.አ. እዚያው ተጋቡ፤ ትምህርቱን ሲጨርስም አብራው አዲስ አበባ መጣች። አባቴ ካረፈ በኋላ የወራሽነትና የጡረታ ጉዳይ ለማስፈጸም ሰነዶቹን ባቀርብም ጉዳዩን የያዘው ቢሮ ፋይሉን መለሰብኝ። ምክንያቱ በሩሲያኛ በተሞላው የጋብቻ ምስክር ወረቀት ላይ ስሟ «የሌና»፣ በዩክሬን ፓስፖርቷ ላይ «ኦሌና»፣ በመኖሪያ ፈቃዷ ላይ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ በሚጠራት ስም «እሌኒ» ተብሎ መጻፉ ነው። የአባቷ ስም እንኳ በአንዱ «ኒኮላየቭና»፣ በሌላው «ሚኮላዪቭና» ይላል። «እነዚህ የተለያዩ ሴቶች ናቸው» ነው የተባልሁት።

እነዚህ ስሞች አንድ መሆናቸውን እንዴት ላስረዳ? ትርጉሙስ እንዴት ይሠራ? ሁለተኛው ጥያቄዬ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በቅርቡ የተወለደችውን ልጄን በአያቷ ስም ልንጠራት ስለወሰንን፣ ይህን ስም በዩክሬን እነማን እንደተጠሩበት የምታውቁ ብትነግሩኝ ለልጄ ጽፌ ላስቀምጥላት እፈልጋለሁ።

መልስ፣ ከሩሲያኛና ከዩክሬንኛ ከሚተረጉሙ አባል

እህቴ፣ በመጀመሪያ ለአባትዎ ነፍስ ዕረፍትን እመኛለሁ።

«የሌና» የሩሲያኛው፣ «ኦሌና» የዩክሬንኛው፣ «እሌኒ» ደግሞ በግእዝ በኩል ወደ እኛ የደረሰው አጠራር ነው፤ ሦስቱም የሚወጡት ከአንድ የግሪክ ስም ነው። በዩክሬንኛ ብዙ የቤተ ክርስቲያን ስሞች በ«ኤ» ሲጀምሩ የነበሩት ወደ «ኦ» ተለውጠዋል፤ «ኤሚሊያን» «ኦሜሊያን» የሆነው በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ በፓስፖርቱ መጀመሪያ ላይ ያለው «ኦ» እናትዎ ስም ቀይረዋል ማለት አይደለም። የአባት ስሙም እንደዚሁ ነው፤ ሩሲያኛው «ኒኮላይ» የሚለውን ዩክሬንኛው «ሚኮላ» ስለሚል ሴት ልጁ በአንዱ ኒኮላየቭና፣ በሌላው ሚኮላዪቭና ትባላለች። የከተማው ስም እንኳ በአሮጌው ሰነድ «ካርኮቭ»፣ በአዲሱ «ካርኪቭ» መሆኑን አስተውለው ይሆናል።

ለትርጉሙ አጥብቄ የምመክርዎ ተርጓሚው ስሞቹን «አንድ እንዲሆኑ» እንዳያስተካክላቸው ነው። ይህ ሰው ለመርዳት ብሎ የሚያደርገው ነው፤ ነገር ግን ትርጉሙ ከዋናው ጋር ሲመሳከር ልዩነቱ ይታያል፣ ያን ጊዜ ደግሞ ጥርጣሬው ከስሙ አልፎ ወደ ትርጉሙ ይዛመታል። ከሩሲያኛው ሰነድ «የሌና ኒኮላየቭና»፣ ከዩክሬንኛው «ኦሌና ሚኮላዪቭና» ተብሎ እንዳለ ይተርጎም፤ ከግርጌው ተርጓሚው «ሁለቱ የአንድ ስም የሩሲያኛና የዩክሬንኛ አጻጻፎች ናቸው» ብሎ በፊርማውና በማኅተሙ ያስረዳ።

ሌላም ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በዩክሬንኛ ስም እንደ አገባቡ መድረሻውን ይለውጣል። «ለኦሌና ተሰጠ» ለማለት ሰነዱ ላይ የሚጻፈው «ኦሌኒ» ነው፤ በዲፕሎማና በምስክር ወረቀት ላይ ይህ ያጋጥማል። ቋንቋውን በሚገባ የማያውቅ ሰው መድረሻውን እንደ ስሙ አካል ቆጥሮ «ኦሌኒ» ብሎ ካስተላለፈው፣ በሦስቱ ላይ አራተኛ ስም ተጨመረብዎት ማለት ነው። ስለዚህ ማንኛውም ትርጉም መነሻ ቅርጹን፣ ማለትም «ኦሌና»ን ይጠቀም።

መልስ፣ በኪየቭ ከተማሩ አባል

የቀደመው አባል በሚገባ አስረድተዋል፤ እኔ የምጨምረው ማስረጃው ያለበትን ቦታ ነው። በሶቪየት ዩክሬን የውስጥ ፓስፖርት የሚሞላው በሁለት ቋንቋ ነበር፤ በአንዱ ገጽ ሩሲያኛ፣ በሌላው ዩክሬንኛ። ያ ፓስፖርት በአዲሱ ሲተካ ተወስዶ ሊሆን ይችላል፤ ቅጂው ወይም ፎቶግራፉ በቤት ውስጥ ካለ ግን «የሌና»ና «ኦሌና» በአንድ ፎቶግራፍ ሥር ተጽፈው ያገኛሉ። የዚያ ዘመን የልደት ምስክር ወረቀት ቅጽም በሁለቱ ቋንቋዎች የታተመ ስለነበር እሱንም ይፈልጉት።

የቤተሰብ ደብዳቤዎች ካሉ ደግሞ በ«ሌና»፣ በ«ኦሌንካ» ወይም በ«ኦሌኖ» ሲጀምሩ እንዳይደነግጡ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የቁልምጫ ስሞች ናቸው፤ «ኦሌኖ» ደግሞ አንድን ሰው በቀጥታ ሲጠሩት ዩክሬንኛ የሚጠቀምበት ቅርጽ ነው። በአክብሮት ሲጠሩ «ኦሌኖ ሚኮላዪቭኖ» ይላሉ፤ ወይዘሮ እገሌ እንደምንለው ማለት ነው።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የልደት ምስክር ወረቀቷ አለ፤ ነገር ግን የተሞላው በሩሲያኛ ብቻ ነው። የጋብቻውን ወረቀት በዩክሬንኛ እንደገና ማውጣት ይቻላል? አገሪቱ በጦርነት ላይ ስለሆነች መሞከሩ ራሱ ተስፋ ያለው አልመሰለኝም።

መልስ፣ ከተርጓሚው አባል

ይቻላል፤ ተስፋም አይቁረጡ። በዩክሬን የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ የሚይዘው የፍትሕ ሚኒስቴር የሚመራው የሲቪል ምዝገባ መሥሪያ ቤት ነው፤ ለጠፋ ወይም ለአሮጌ ሰነድ ምትክ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። ምትኩ ዛሬ የሚጻፈው በዩክሬንኛ ስለሆነ በጋብቻ ወረቀቱ ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ ጋር ሊገጥም ይችላል። ከውጭ አገር ያለ ዜጋ በቆንስላ በኩል ሰነድ ከአገር ቤት እንዲመጣለት ማመልከት ይችላል፤ ዩክሬን ደግሞ በአዲስ አበባ ኤምባሲ አላት። ማመልከቻውን እናትዎ ራሳቸው ፓስፖርታቸውን ይዘው ቢያቀርቡ ይመረጣል። በዚያው አጋጣሚ ሁለቱ አጻጻፎች የአንድ ስም መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ቆንስላው ሊጽፍላቸው ይችል እንደሆነ ይጠይቁ።

የላቲኑ አጻጻፍም ሊያከራክር ስለሚችል ይህን ይያዙ፦ ዩክሬን የዩክሬንኛ ስሞች በላቲን ፊደል የሚጻፉበትን ሥርዓት የወሰነችው ጃንዋሪ 27 ቀን 2010 እ.ኤ.አ. በወጣ የሚኒስትሮች ካቢኔ ውሳኔ ነው። ከዚያ በፊት በተሰጠ ፓስፖርት ላይ ሌላ አጻጻፍ ቢገኝ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

መልስ፣ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ከሚያነቡ አባል

ስለ ስሙ ታሪክ ለጠየቁት ልመልስ፤ ይህ ጉዳይ ለእኛም ለእነሱም የቤት ጉዳይ ነው። ስሙ የታላቁ ቆስጠንጢኖስ እናት፣ መስቀሉን ያስፈለገችው የንግሥት እሌኒ ስም ነው። እኛ መስከረም 17 ቀን ደመራውን ተከትለን የምናስባት፣ ግንቦት 9 ቀን ደግሞ ስንክሳሩ ዕረፍቷን የሚያነብላት እሌኒ በዩክሬን ከልጇ ከቆስጠንጢኖስ ጋር በአንድ ቀን ትከበራለች። ቀኑ ሜይ 21 ነው፤ በአሮጌው አቆጣጠር በሚሄዱት ዘንድ ግን ጁን 3 ላይ ይውላል። ከሞስኮ ተለይታ ራሷን የቻለችው የዩክሬን ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና የግሪክ ካቶሊኮቹ ከሴፕቴምበር 2023 ጀምሮ ወደ አዲሱ አቆጣጠር ስለተሻገሩ፣ እናትዎ በልጅነታቸው የሚያውቁት ቀንና የዛሬው ሊለያዩ ይችላሉ።

በኪየቭ ታሪክ ውስጥ ደግሞ ስሙ ከዙፋን ጋር የተያያዘ ነው። የኪየቭ ገዥ የነበረችው ልዕልት ኦልሃ በአሥረኛው መቶ ክፍለ ዘመን ክርስትናን ስትቀበል የተሰጣት ስም ኦሌና ነው። የጥንቱ ዜና መዋዕል ይህን ስም ያገኘችው በቆስጠንጢኖስ እናት መታሰቢያነት እንደሆነ ይናገራል፤ በዚያን ዘመን የቁስጥንጥንያ ንጉሠ ነገሥት ሚስት ስምም ይኸው ነበር። የልጅ ልጇ ቮሎዲሚር በ988 ሕዝቡን ያጠመቀው ከእሷ በኋላ ነው።

የእኛን ንግሥት እሌኒንም አስቧት። ከሐድያ ገዥ ቤት፣ ከሙስሊም ወገን ተወልዳ፣ ወደ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ቤተ መንግሥት ከገባች በኋላ ክርስቲያን ሆና በእሌኒ ስም የተጠራች፣ ለልብነ ድንግልም ሞግዚት ሆና አገር ያስተዳደረች፣ ማቴዎስ የተባለውን መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል የላከች ናት። ኪየቭና የሸዋ ቤተ መንግሥት ምንም ሳይተዋወቁ፣ በሌላ እምነት ተወልደው አገር ለገዙ ሁለት ሴቶች ይህንኑ ስም መስጠታቸው ለልጅዎ ሊነገራት የሚገባ ይመስለኛል።

መልስ፣ የምሥራቅ አውሮፓ ሥነ ጽሑፍ ከሚከታተሉ አባል

ከቅርቡ ዘመን ኦሌናዎች የማስቀድማት ኦሌና ቴሊሃን ነው። በ1906 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የተወለደች ገጣሚ ናት፤ ከፍተኛ ትምህርቷን የተከታተለችው በስደት በቼኮስሎቫኪያ ነው። ኪየቭ በናዚ ጀርመን በተያዘች ጊዜ ወደ ከተማይቱ ተመልሳ የደራስያን ማኅበር አቋቋመች፤ «ሊታቭሪ» የተባለ የሥነ ጽሑፍ ሳምንታዊም ታዘጋጅ ነበር። ጋዜጣው ለያዡ ኃይል አልገዛ በማለቱ ተዘጋ፤ እሷም በፌብሩዋሪ 1942 በናዚዎቹ ምስጢራዊ ፖሊስ በጌስታፖ ተይዛ ተገደለች። ልትሸሽ ትችል እንደነበር እያወቀች ጓደኞቿን ትታ አለመሄዷ እኔን ሁልጊዜ ይነካኛል። አባል የነበረችበት ብሔርተኛ ድርጅት ታሪክ እስከ ዛሬ ብዙ የሚያከራክር መሆኑንም ልጅዎ ስታድግ ማወቅ አለባት። የመታሰቢያ ሐውልቷ በ2017 ናዚዎች ብዙ ሰው በጨረሱበት በኪየቭ ባቢን ያር ቆሟል።

ኦሌና ስቴፓኒቭ (1892–1963) ሌላዋ ናት። በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲጀመር በኦስትሮ-ሃንጋሪ ሠራዊት ሥር በተቋቋመው የዩክሬን ሲች ተኳሾች ሌጌዎን ገብታ በካርፓቲያን ተራሮች የተዋጋችና የመኮንንነት ማዕረግ ያገኘች ሴት ስትሆን፣ ከጦርነቱ በኋላ በቪየና ዩኒቨርሲቲ ተምራ የታሪክና የጂኦግራፊ ምሁር ሆነች። የሶቪየት መንግሥት በ1949 አስሯት እስከ 1956 ድረስ በሞርዶቪያ የእስረኞች ካምፕ ቆይታለች። በዚያው በምዕራብ ዩክሬን ሠዓሊዋና የሕትመት ሥዕል ባለሙያዋ ኦሌና ኩልቺትስካ (1877–1967) አለች፤ በሊቪቭ የኖረችበት ቤት ሙዚየም ሆኗል።

ኦሌና ፕቺልካ የሚለውን ስም ሲያገኙ የብዕር ስም መሆኑን ይወቁ። ትክክለኛ ስሟ ኦልሃ ድራሆማኖቫ-ኮሳች (1849–1930) ሲሆን የባለቅኔዋ የሌስያ ዩክራይንካ እናት ናት። የዩክሬንኛ ኅትመት በሩሲያ ግዛት በታገደበት ጊዜ ልጆቿን ቤት ውስጥ በዩክሬንኛ አሳደገች፤ በ1887 ደግሞ ከናታሊያ ኮብሪንስካ ጋር ሆና የሴቶች ጽሑፎች ብቻ የተሰበሰቡበትን መድበል በሊቪቭ አሳተመች።

ዛሬ በሕይወት ካሉት ብዙ ሰው የሚያውቃት በ1978 በክሪቪ ሪህ የተወለደችው የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ኦሌና ዜሌንስካ ናት። በጁላይ 2022 በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርባ ንግግር አድርጋለች። ስፖርት ለሚወዱ ደግሞ ኦሌና ኮስቴቪች አለች፤ በ2004 የአቴንስ ኦሎምፒክ በ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ተኩስ ወርቅ ስታገኝ ገና 19 ዓመቷ ነበር። ከእሷ በፊት በ2000 በሲድኒ ኦሌና ሆቮሮቫ በስሉስ ዝላይ የነሐስ ሜዳሊያ ወስዳለች።

መልስ፣ ከሕግ ባለሙያ አባል

ወደ ፋይሉ ልመልስዎ፤ ይህ ሊዘገይ አይገባም። ቢሮው የመለሰበትን ምክንያት በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ፤ በቃል የተባለውን ይዞ መከራከር አይቻልም። ቀጥሎ የጋብቻውን፣ የልደቱንና የፓስፖርቱን ትርጉም በፈቃድ ከሚሠራ ተርጓሚ ከነማብራሪያው አንድ ላይ አሠርተው፣ ሰነድ ተቀባዩ ምን ዓይነት ማረጋገጫ እንደሚፈልግ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ። በውጭ አገር የተሰጠ ሰነድ በኢትዮጵያ የሚጸናበት መንገድ ስላለው ከውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርም ማጣራት ይገባል።

ይህም ካልበቃ፣ «የሌና»፣ «ኦሌና» እና «እሌኒ» የአንድ ሰው መጠሪያዎች መሆናቸው እንዲረጋገጥ ለፍርድ ቤት ማመልከት ይቻላል። የመኖሪያ ፈቃዱ ላይ ያለው «እሌኒ» በማናቸውም የዩክሬን ወረቀት ስለማይገኝ፣ ቆንስላው የሚጽፈው ደብዳቤ ያንን ላይሸፍነው ይችላል፤ እዚህ ላይ ነው ከጋብቻው ጀምሮ የሚያውቋቸው ምስክሮች የሚያስፈልጉት። ከአባትዎ ጋር አብረው የተማሩ ሰዎች በሕይወት ካሉ አሁኑኑ ያነጋግሯቸው። የሚያመለክቱት እናትዎ ናቸው፤ እርስዎ ከሆኑ ግን የውክልና ሥልጣን ይያዙ፤ በውክልናው ላይም ስማቸው ልክ እንደ ፓስፖርታቸው ይጻፍ።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ እናቴ ስለ ኦልሃና ስለ ሐድያዋ እሌኒ የተጻፈውን ሳነብላት እንደገና አንብቢልኝ አለችኝ። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። የልጄን የልደት ምስክር ወረቀት ገና አላወጣንም፤ «ኦሌና» ይሁን «እሌኒ»?

መልስ፣ ከተርጓሚው አባል

በምስክር ወረቀቱ ላይ «ኦሌና» ቢባል ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ እርስዎ በእናትዎ በኩል የዩክሬን ዜግነት ካለዎትና ልጅቷን ወደፊት በቆንስላው ለማስመዝገብ ካሰቡ ስሟ በዩክሬንኛም በዚሁ ቅርጽ ይጻፋል። በላቲን ፊደል የሚጻፈውንም ከአያቷ ፓስፖርት ላይ ፊደል በፊደል ይገልብጡ፤ ሲመዘገብም ቅጹ ከመታተሙ በፊት አንብበው ይፈርሙ። የኢትዮጵያ ምዝገባ ከስሟ ቀጥሎ የአባቷንና የአያቷን ስም ስለሚያስከትል፣ የዩክሬኑን «-ቭና» የሚለውን መድረሻ እዚህ ማስገባት አያስፈልግም። እሌኒን ለቤት መጠሪያ ያድርጉት፤ የክርስትና ስሟን ደግሞ በሰማንያ ቀኗ የሚሰጧት ካህን ናቸው።