አንዷ ለሥራ ውጭ የምትሄድበት የሲትኮም ክፍል፦ ዜናው ስንተኛው ደቂቃ ላይ ይምጣ?

ስክሪፕት_ጀማሪ
ሰላም ለሁላችሁ። 22 ደቂቃ የሚሆን የሲትኮም (አጭር ተከታታይ ኮሜዲ) ክፍል እየጻፍኩ ነው። ባልና ሚስት፣ እጮኛሞች፣ ሌሎቹ ደግሞ «ተለያይተናል» እያሉ የማይለያዩ ሁለት ሰዎች አሉ። ከነዚህ ሴቷ ዱባይ ሥራ ታገኛለች። ዜናው ከተነገረ በኋላ ግን ቀልዱ ቀጥ ይላል፤ የቀሩት ጥንዶችም ሶፋ ላይ ተቀምጠው ከማዘን በቀር ሥራ የላቸውም። ለማነጻጸር የአሜሪካኑን ሲትኮም «ፍሬንድስ» 10ኛ ሲዝን 14ኛውን ክፍል፣ ሬቸል የፓሪሱን ሥራ የምታገኝበትን፣ አየሁት። እሱ ለምን አልከበደም? ዜናውስ የት ቦታ ቢገባ ይሻላል?

ሦስት_ካሜራ
ጥሩ ክፍል ነው የመረጥሽው። እዚያ ክፍል ውስጥ ፓሪስ የሚነሳው ወደ መጨረሻው ነው። እስከዚያ ድረስ የምናየው የምትሄድ ሴት ሳትሆን የተባረረች ሴት ናት፤ መባረር ደግሞ ለኮሜዲ ከመሄድ በጣም ይመቻል።

ሰንሰለቱን ልብ በይ። ሬቸል ራልፍ ሎረን የተባለ የፋሽን ድርጅት እየሠራች በድብቅ ለሌላው የፋሽን ድርጅት ለጉቺ ቃለ መጠይቅ ምግብ ቤት ትገባለች። አለቃዋ ዜልነር ከአጠገቧ ባለው ጠረጴዛ ይቀመጣል። ቀልዱን የሚሠራው የወንበሮቹ አቀማመጥ ነው፤ ለጠያቂው የምትመልሰውን አለቃዋ መስማት የለበትም፣ ለአለቃዋ የምትዋሸውን ደግሞ ጠያቂው ይሰማል። መጨረሻው ሁለቱንም ማጣት ነው። ከዚያ ማርክን ታገኘዋለች፤ እሱም የሉዊ ቪቶንን ሥራ ያቀርብላታል፣ የፓሪሱ ሥራ ይህ ነው። ማርክ ማለት በ3ኛው ሲዝን ብሉሚንግዴልስ መደብር ያስቀጠራት፣ የያኔ ፍቅረኛዋን ሮስን በቅናት ያሳበደው ሰውዬ ነው። ስለዚህ የሉዊ ቪቶን ሥራ ገና አገሩ ሳይታወቅ የሮስን ቁስል ነክቷል።

አሁን ወደ አንቺ፦ ልጅቷ የዱባዩን ሥራ እንዴት አገኘችው? በኢሜይል መጣላት ካልሽ ቀልዱ የሞተው እዚያ ነው። ሥራው በስህተት፣ በውሸት ወይም ባልተፈለገ ሰው በኩል ይምጣ።

የሌሎቹን ጥንዶች ነገር በተመለከተ፣ እነሱ ስለ ሬቸል ጉዳይ አያወሩም፤ የየራሳቸው ሩጫ አላቸው። ፊቢ ካገባች በኋላ ስሟን ልትቀይር ስትሄድ የፈለገችውን ማድረግ እንደምትችል ትሰማና «ፕሪንሰስ ኮንሱዌላ ባናናሃሞክ» ትሆናለች። ባሏ ማይክ አይቆጣትም፣ አይመክራትም፤ እሱም ስሙን ወደ «ክራፕ ባግ» ልቀይር ነው ይላታል። ባልና ሚስቱ ሞኒካና ቻንድለር ደግሞ ከከተማ ወጣ ያለውን አዲስ ቤት ለጓደኛቸው ለጆይ ያሳዩታል፤ እሱ እንዲቀሩለት ስለሚፈልግ የቤቱን እንከን ሲለቅም ይውላል። ሐሳቡን የምታስለውጠው እዚያ ቤት የምትኖር ትንሽ ልጅ ናት (ዳኮታ ፋኒንግ ናት የተጫወተችው)። ስም፣ ቤት፣ ሥራ፤ ሦስቱም የሚያወሩት ስለ ለውጥ ነው፣ ግን ማንም ለውጥ የሚለውን ነገር ተነስቶ አይሰብክም።

የቃለ_ተውኔት_ሰው
በአብዛኛው እስማማለሁ፣ ግን «ዜናውን መጨረሻ ላይ አድርጊው» የሚለው ለጠያቂዋ ሊጎዳት ይችላል። 14ኛው ክፍል እንደዚያ ማድረግ የቻለው ከኋላው ሌሎች ክፍሎች ስለነበሩ ነው። የተላለፈው ፌብሩዋሪ 26፣ 2004 ነው፤ ቀጣዩ የመጣው ኤፕሪል 22። ተመልካቹ ፓሪስን ይዞ ስምንት ሳምንት ጠበቀ ማለት ነው። ያንቺ ታሪክ በአንድ ክፍል የሚያልቅ ከሆነ ዜናው በመጀመሪያው ገቢር ማብቂያ፣ 9ኛው እስከ 11ኛው ደቂቃ መሐል ይግባ። ከዚያ ከዘገየ ለመወሰኛ ጊዜ አይተርፍሽም።

ከዜናው በኋላ ምን ይደረግ ለሚለው ደግሞ 15ኛውን እይ። ሮስ አያለቅስም፤ ተነስቶ ዜልነር ጋ ይሄድና የድሮ ሥራዋን እንዲመልስላት ይለምናል። ይሳካለታልም። ችግሩ፣ ከተሳካለት በኋላ ልቧ ፓሪስ እንደቀረ ያያል፤ ራሱ ያበላሸውን ጉዞ ራሱ «ሂጂ» ይላታል። የሚያዝን ሰው ለሲትኮም አይሆንም፣ የሚያደናቅፍ ሰው ይሆናል። ለእያንዳንዱ ጓደኛ አንድ የሚያደናቅፍበት ሥራ ስጪው።

የሽኝት ትዕይንት ካለሽ 16ኛው ጥሩ ዘዴ አለው። ሬቸል ጓደኞቿን አንድ በአንድ ለብቻ እየወሰደች ትሰናበታለች፤ ሮስን ዘለለችው። ሕጉን ካቋቋምሽ በኋላ አንዱን መዝለል ብቻ ይበቃል፣ ረጅም የስንብት ንግግር መጻፍ አያስፈልግም።

ገጽ_ቆጣሪ
ማንም ያላነሳው ነገር አለ። በስንት ካሜራ ነው የሚቀረጸው? ተመልካች ፊት በብዙ ካሜራ ከሆነ ቃለ ተውኔቱ መስመር እየተዘለለ ይጻፋል፣ አንድ ገጽ ግማሽ ደቂቃ ገደማ ይሆናል፤ 22 ደቂቃ ከ40 እስከ 48 ገጽ ይወስዳል። በአንድ ካሜራ ከሆነ አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ያህል ነው። ሁለቱን ያደባለቀ ሰው 45 ገጽ ጽፎ ቀረጻ ላይ የፊልም ግማሽ ይወጣዋል።

ለዋናው ታሪክ 5 ወይም 6 ትዕይንት፣ ለሁለተኛው 3 ወይም 4፣ ለሦስተኛው 2 ወይም 3 በቂ ነው። ከጨረስሽ በኋላ የዋናውን ትዕይንቶች አውጥተሽ ሁለተኛውን ለብቻው አንብቢው። መነሻ፣ መባባስና መፍትሔ ከሌለው ታሪክ ሳይሆን ማስታወሻ ነው የጻፍሽው።

ሌላው ዱባይ ራሱ። «ዛሬ ተቀጠርኩ፣ ነገ በራሪ ነኝ» ብለሽ ከሆነ አገራችን ውስጥ ማንም አያምንሽም። የቅጥር ደብዳቤ ይፈረማል፣ ቀጣሪው የሥራ ፈቃድና የመግቢያ ቪዛ ያስወጣል፣ የትምህርት ማስረጃ ከተጠየቀ ደግሞ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የማረጋገጡ ጣጣ አለ፤ የጤና ምርመራና የኤምሬትስ መታወቂያው እዚያ ከደረሱ በኋላ ነው። ይህ መሰናክል እንዳይመስልሽ። ሰነድ የሚያስፈልገው ቀልድ ሁሉ እዚህ አለ፦ የቀድሞው ፍቅረኛ «እኔ አደርስልሻለሁ» ብሎ ዲግሪዋን ቦርሳው ውስጥ ይዞ ቢዞርስ?

ስክሪፕት_ጀማሪ
የዲግሪው ነገር ገብቶኛል፣ ወሰድኩት! የአውሮፕላን ማረፊያውን ሩጫስ ልተወው? በጣም የተለመደ ሆነብኝ።

የቃለ_ተውኔት_ሰው
የተለመደ መሆኑ ችግር አይደለም፣ ያለ እንቅፋት መሮጡ ነው ችግሩ። በመጨረሻው ክፍል (ሜይ 6፣ 2004) ሮስና ፊቢ የሄዱት ኬኔዲ አውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ ሬቸል ያለችው ሌላው ማረፊያ ኒውዋርክ። ፊቢ ስልክ ደውላ ስለ አውሮፕላኑ «ፋላንጅ» የምትለውን እርባና ቢስ ነገር በማውራት መንገደኛውን በሙሉ ታስወርዳለች። በዚያ ላይ ሮስ ደርሶ ፍቅሩን ከነገራት በኋላ እንኳ ሬቸል ትሳፈራለች። መውረዷን የምንሰማው ዘግይተን ነው፣ ከስልክ መልእክት መቀበያው።

አዲስ አበባ ሁለት የተራራቁ ማረፊያዎች የሉም፤ ግን ቦሌ የአገር ውስጡና የዓለም አቀፉ ተርሚናል ይለያያሉ፣ ሰው ይሳሳታል።

ሦስት_ካሜራ
አንድ ነገር ግን ከነሱ አትውሰጂ። ሬቸልና ሮስ ኤማ የምትባል ትንሽ ልጅ አላቸው። የአባትና የልጅ መራራቅ በነዚያ ክፍሎች ውስጥ ከሚገባው በላይ ተድበስብሶ ነው ያለፈው። ያንቺ ጥንዶች ልጅ ካላቸው የእኛ ተመልካች የመጀመሪያ ጥያቄው «ልጁን ማን ይይዘዋል?» ነው። ወይ በሁለተኛው ትዕይንት መልሺው፣ ወይ ልጁን ከስክሪፕቱ አውጪው።