«ልቤን ሰቅሎት ቀረ» ሙገሳ ነው ወቀሳ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። በ1926 እ.ኤ.አ. የወጣውን የአጋታ ክሪስቲን የሮጀር አክሮይድ ግድያ ጨረስኩ። የወንጀል ልብ ወለድ የሚወድ ሁሉ «ሳታነበው እንዳትሞት» ያለኝ መጽሐፍ ነው። ፍጻሜውን ልናገር ስለሆነ ያላነበባችሁ እለፉኝ። ገዳዩ ተራኪው ነው፣ ዶክተር ሼፐርድ! ከምሽቱ 2፡40 ላይ ደብዳቤ ይመጣል፤ 2፡50 ላይ ዶክተሩ ተነሥቶ ይወጣል። በመሃል ያሉትን ዐሥር ደቂቃዎች ዝም ብሎ ዘሏቸዋል። ለካ ሰውየውን የገደለው ያኔ ነው። ኩም አልኩ። ያን ሁሉ ገጽ አምኜው የተከተልኩት ሰው ሲደብቀኝ ኖሯል። እህቴ ደግሞ እሱኑ አንብባ «ልቤን ሰቅሎት ቀረ» አለችኝ። ወዳዋለች ወይስ እንደኔ ከፍቷታል?

የሰዋስው ተማሪ፦
የመጽሐፍ ጀርባ ላይ «ልብ ሰቃይ» የሚሉት ከዚሁ ነው። ሥሩ ሥቃይ ነው፤ ልብን የሚያሠቃይ ማለት። ስለዚህ ከፍቷታል።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
ኧረ ወንድሜ፣ ይሄማ አያስኬድም። ከ«አሠቃየ» የሚወጣው «አሠቃይ» ነው። «አ»ን የት ጣልካት? ገደለ ገዳይ፣ ከፈለ ከፋይ፣ ሰቀለ ሰቃይ። ሥቃይ የሚጻፈው በንጉሡ ሠ ነው፣ ሰቀለ በእሳቱ ሰ። በስቅለት ዕለት የሰገደ ሰው ይህን አይስትም።

የሰዋስው ተማሪ፦
እኔም ሰግጃለሁ። መስቀል ላይ ሥቃይ የለም እንዴ? ሁለቱ ቃላት በሰው አፍ ከተዋሐዱ ቆይተዋል። «ልብ ሰቃይ» የሚል ሁሉ ጭንቅን ነው የሚያስበው።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
ጭንቁ ከመሰቀሉ የመጣ ነው። ሥር ሌላ፣ ስሜት ሌላ። ቢያንስ የአለቃ ኪዳነ ወልድን መዝገበ ቃላት ገልጠህ ና።

አንባቢ ከዲሲ፦
እኔ «ልብ ሰቃይ»ንና «ልብ አንጠልጣይ»ን እለያቸዋለሁ። ኮት ይሰቀላል፣ ባንዲራ ይሰቀላል፤ ባለበት ይቆያል። የተንጠለጠለ ነገር ግን ይወዛወዛል። ከአንዱ ተጠርጣሪ ወደ ሌላው የሚያወዛውዝህ መጽሐፍ አንጠልጣይ ነው። ደግሞ ጠያቂያችን፣ ሼፐርድ አልዋሸህም። 2፡50 ላይ የበሩን እጀታ ይዞ ወደ ኋላ ዞሮ ያያል፤ ሳልሠራው የቀረ ነገር ይኖር ይሆን ብሎ ያስባል። ተናግሮልሃል! ልብ አላልክም እንጂ።

ጠያቂ፦
እሱን ገጽ ተመልሼ አየሁት። ልክ ነሽ፣ ቃሉ እውነት ነው። ግን የሚተርክልኝን ሰው እንደ ተጠርጣሪ ልጠብቀው ነው? ለእኔ ጠብ አላለልኝም። የእህቴስ ነገር?

አንባቢ ከዲሲ፦
«ቀረ»ን ማንም አልነካውም እኮ። «ሄዶ ቀረ» ስንል አልተመለሰም ማለታችን ነው። «ልቤ እዚያው ቀረ» የሚል ሰው ግን በፍቅር የተያዘ ነው። የትኛውን ይሆን ያለችው?

የቅኔ ቤት ልጅ፦
ወደ «ቀረ» እንደርሳለን። መጀመሪያ ተማሪው «ሰቃይ» በእሳቱ ሰ መሆኑን ይመን።

የሰዋስው ተማሪ፦
አላምንም። መዝገበ ቃላቱን ይዤ እመለሳለሁ።