ጅማ ላይ የካርጎ ሥራ ሲቀዘቅዝ ሠራተኛው ምን ይነካዋል?

የጂሬን ልጅ፦

ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ጅማ ለአየር መንገድ ሻንጣና ጭነት የሚጭንና የሚያወርድ አንድ ድርጅት ሠራተኞቹን ሰብስቦ «ነዳጅ ተወደደ፣ ጭነት ቀነሰ፤ ስለዚህ ትርፍ ሰዓት ቀርቷል፣ ፈረቃውም ከስድስት ሰው ወደ አራት ይወርዳል» ብሏል። የተረፉት ሁለት ሁለት እየሆኑ ለአንድ አንድ ወር «እረፍት» ይወጣሉ ተብሏል፤ እረፍቱ ግን ደመወዝ የለውም። መነሻ ደመወዛቸው 8,000 ብር ነው። አብዛኞቹ አምስት ዓመት ሠርተዋል፤ ውላቸው በየዓመቱ ይታደሳል።

ሦስት ነገር ግልጽ ይደረግልን። ምክንያቱ እውነት ነው ወይ? ቦሌ ላይ የጭነት አውሮፕላን ቀን ከሌት እየተነሳ ጅማ ላይ ጭነት የለም ማለት እንዴት ነው? ከኪሳቸው የሚጎድለው ስንት ነው፣ ቢቀነሱስ ምን ይገባቸዋል? ይህ «እረፍት» የሚባለው ነገርስ በሕግ ያስኬዳል?

ካርጎ ዴስክ፦

ምክንያቱ ሐሰት አይደለም ወንድሜ። ነገር ግን የቦሌው የጭነት አውሮፕላንና የጅማው በረራ አንድ ገበያ አይደሉም፤ ሲነገራቸው ሁለቱ ተደባልቆባቸዋል።

ከቦሌ በጭነት አውሮፕላን የሚወጣው በብዛት አበባ፣ ሥጋና አትክልት ነው። አንድ ቦይንግ 777 የጭነት አውሮፕላን 100 ቶን ያህል ያነሳል፤ ሒሳቡም በዶላር ነው። ያ ገበያ ከዓለም ጋር ይወጣል ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2021 ወደቦች ተጨናንቀው መርከብ ሲዘገይ ዕቃው ወደ አየር ዞረ። በ2022 መርከቡ ሲስተካከልና የመንገደኛ አውሮፕላኖች ከሥራቸው ያለውን የጭነት ቦታ ይዘው ወደ ሥራ ሲመለሱ፣ በዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር አኃዝ መሠረት የአየር ጭነት ፍላጎት 8 በመቶ ወረደ፤ በ2023 ሌላ 1.9 በመቶ ወረደ፤ በ2024 ደግሞ 11.3 በመቶ ወጣ። ስለዚህ «ዓለም ላይ ጭነት ቀንሷል» የሚለውን ቃል የሚናገር ሰው የየትኛውን ዓመት እንደሚያወራ ይጠየቅ።

ጅማ የሚያርፈው በብዛት ዳሽ 8 ኪው 400 የሚባለው ባለ ፕሮፔለር ትንሽ የመንገደኛ አውሮፕላን ነው። የሻንጣ ክፍሉ የፊቱና የኋላው ተደምሮ 14 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። 70 መንገደኛ እያንዳንዱ 20 ኪሎ ቢይዝ 1,400 ኪሎ ሻንጣ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ለጭነት የሚተርፈው ቦታም ክብደትም ትንሽ ነው። አየር ማረፊያው ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ስለሆነ በሞቃት ቀትር ደግሞ አውሮፕላኑ ይዞ የሚነሳው ክብደት ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ መጀመሪያ የሚቀረው ሰው አይደለም፣ ጭነት ነው።

የጅማ ቡና እንደሆነ በአየር አይሄድም። በመኪና አዲስ አበባ፣ ከዚያ ጅቡቲ፣ ከዚያ መርከብ ነው ጉዞው። በአየር የሚሄደው መድኃኒት፣ የላቦራቶሪ ናሙና፣ የቡና ናሙና፣ ሰነድ፣ የማሽን መለዋወጫ ነው። የቀረው ሁሉ 350 ኪሎ ሜትሩን በአይሱዙ ወይም በአውቶቡስ በአንድ ቀን ይጨርሳል። ታሪፍ ትንሽ ሲጨምር ነጋዴው ወዲያው ወደ መኪና የሚዞረው ለዚህ ነው።

በተለይ ቀላል ሆኖ ቦታ የሚይዝ ዕቃ ይሸሻል። 60 በ50 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ካርቶን ብንወስድ፣ ሦስቱ ተባዝተው 120,000 ይሆናሉ፤ አየር መንገድ ቦታን ወደ ኪሎ በሚቀይርበት ቁጥር ለ6,000 ሲካፈል 20 ኪሎ። ሚዛን ላይ 8 ኪሎ ቢሆን እንኳ የሚከፈለው የ20 ኪሎ ነው። ኪሎው ላይ አምስት ብር ሲጨመር ባለ ካርቶኑ የሚጨምረው 40 ብር ሳይሆን 100 ብር ነው።

ወጪውን በተመለከተ የጅማ መስመር ገቢው በአብዛኛው ብር፣ ወጪው ግን ዶላር ነው። ነዳጁ፣ የሞተር ጥገናው፣ ፕሮፔለሩ፣ ጎማው፣ ኢንሹራንሱ በውጭ ምንዛሪ ነው የሚገዛው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል። ዋጋው በዶላር ሳይነቃነቅ በብር እጥፍ የተጠጋ ወጪ መጣ ማለት ነው። የቲኬቱና የጭነቱ ታሪፍ በዚያው ልክ ይጨመር ቢባል ደግሞ መንገደኛውም ጭነቱም ይሸሻል። ግፊቱ መውጫ የሚፈልገው ታዲያ በብር በሚከፈለው፣ በቀላሉ በሚቆረጠው ወጪ በኩል ነው። ያ ደግሞ የሰው ጉልበት ነው።

ፔሮል፦

ከላይ የተባለው ትክክል ነው። ሠራተኛው ላይ እንዴት እንደሚወርድ ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነውና። «አልተባረርንም፣ እንግዲህ ተመስገን» ይባላል። መጀመሪያ የሚቀነሰው ግን ሕጉ ደመወዝ ብሎ የማይቆጥረው ክፍል ነው፤ እሱ ሲቀነስ ማንም «ቅነሳ» አይለውም።

የ8,000 ብሩን ሰው እንውሰድ። በሳምንት 48 ሰዓት ከሠራ በወር 208 ሰዓት ነው፤ የሰዓቱ ሒሳብ 38.46 ብር ይመጣል። ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለው ትርፍ ሰዓት በ1.5 ስለሚባዛ 57.69 ብር ነው። (ከምሽቱ 4 በኋላ 1.75፣ በሳምንት እረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5።) ሕጉ የሚፈቅደው ጣሪያ በቀን 4፣ በሳምንት 12 ሰዓት ነው። በአራት ሳምንት 48 ሰዓት ሲሠራ የነበረ ሰው 2,769 ብር ያገኝ ነበር። ያ ሲቀር ግብር ሳይነካው 10,769 የነበረው 8,000 ሆነ። ከአራት እጅ አንድ እጅ ሄደ፤ የውሉ ወረቀት ላይ ግን አንድ ፊደል አልተለወጠም።

አብራሪና የበረራ አስተናጋጅ ላይም ጠባዩ ያው ነው፤ ስሙ ብቻ ይለያያል። እዚያ ትርፍ ሰዓት ሳይሆን የበረራ ሰዓትና የውጭ አዳር አበል ነው የሚነካው። አሜሪካ ውስጥ የጥቅል ዕቃ በ2022 እና በ2023 ሲቀንስ የጭነት አብራሪዎች የበረራ ሰዓት ወረደ፤ የጥቅል ዕቃ አጓጓዡ ዩፒኤስ በ2023 በፈቃዳቸው ለሚለቁ አብራሪዎች ክፍያ አቅርቦ ነበር። ቴክኒሻን ጋ ደግሞ በመጀመሪያ የሚዘገየው ሥልጠናና የደረጃ ዕድገት ነው።

ሌላው መታወቅ ያለበት፣ የስንብት ክፍያም የጡረታ መዋጮም የሚሰሉት በመነሻ ደመወዝ ነው። ትርፍ ሰዓት፣ የትራንስፖርት አበል፣ የውሎ አበል፣ ቦነስ አይገቡም። ጡረታ ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው። ያለ ደመወዝ በወጣበት ወር መዋጮ አይገባለትም፤ ያ ወር ከአገልግሎት ዘመኑ ይጎድላል። ስለዚህ «እረፍት» ላይ ከመፈረም በፊት ይህንንም አብሮ ማሰብ ነው።

የጂሬን ልጅ፦

እግዜር ይስጥልን። አንድ ነገር ሳልገልጽ ቀርቼ፦ የሚፈርሙት ቅጽ «በግል ጉዳዬ ምክንያት ያለ ደመወዝ ፈቃድ እንዲሰጠኝ አመለክታለሁ» ነው የሚለው። ይኼ ልዩነት ያመጣል?

የሥራ ክርክር፦

በጣም ያመጣል። ጉዳዩ ሁሉ ያቺ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው፤ እባክዎ ቀድመው ይንገሯቸው። ያን ቅጽ የፈረመ ሰው ራሱ ለምኖ የወጣ ይሆናል። የሥራ መቀነስ የአሠሪው ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የሠራተኛው የግል ጉዳይ ሆኖ ይመዘገባል፤ በኋላ «ተገድጄ ነው» ማለትን በማስረጃ ማስደገፍ ከባድ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ሥራ ሲቀዘቅዝበት መንገድ አላሳጣውም። ሁለት በር አለው፤ ለሁለቱም ግን ሥርዓት አለ።

አንደኛው የሥራ ውልን ለጊዜው ማገድ ነው፤ ከአንቀጽ 17 ጀምሮ ይገኛል። በአሠሪው ጥፋት ያልመጣ የገንዘብ ችግር ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀናት ሥራ የሚያስቆም ከሆነ ማገድ ይችላል፤ በእገዳው ጊዜ ደመወዝ አይከፍልም። ነገር ግን በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ ለሚመለከተው የመንግሥት አካል በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ያ አካልም በቂ ምክንያት መኖር አለመኖሩን ይወስናል፤ በሦስት የሥራ ቀን ካልወሰነ እንደተቀበለ ይቆጠራል። እገዳው ከ90 ቀን አይበልጥም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ አጭር ነው፦ «የማሳወቂያው ደብዳቤ ግልባጭ የታለ?»

ደብዳቤው ከሌለ እገዳ የለም። እገዳ ከሌለ ደግሞ አንቀጽ 54 ይመጣል፦ ሠራተኛው ለመሥራት ዝግጁ ሆኖ ሳለ በእሱ ምክንያት ባልሆነ ነገር ሥራ ካጣ ደመወዙ ይከፈለዋል። ለዚህ ነው «ቤትህ ተቀመጥ» የተባለ ሰው ዝም ብሎ ቤቱ መቀመጥ የሌለበት። በፈረቃው ሰዓት ይገኝ፣ ለመሥራት ዝግጁ መሆኑን በአጭር ማመልከቻ ጽፎ ያስገባ፣ ቅጂው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ያስመታ። አንቀበልም ካሉ በሪኮማንዴ በፖስታ ይላክ።

ሁለተኛው በር ቅነሳ ነው፤ አንቀጽ 28 እና 29። የአገልግሎት ተፈላጊነት መቀነስ በግልጽ የተጻፈ ምክንያት ነው። «የሠራተኛ ቅነሳ» የሚባለው ከሠራተኛው 10 በመቶ ያላነሰ ሲነካ ነው፤ ድርጅቱ ከ20 እስከ 50 ሰው ካለው ቢያንስ 5 ሰው ሲነካ። አሠሪው ከማኅበሩ ወይም ከሠራተኛ ተወካዩ ጋር መመካከር አለበት። የሥራ ችሎታና የተሻለ ምርታማነት ያለው ይቆያል፤ እኩል ከሆኑ አጭር አገልግሎት ያለው፣ ቀጥሎ ጥቂት ጥገኛ ያለው ለመቀነስ ይቀድማል። አለቃው የወደደውን አስቀርቶ ያልወደደውን የሚልክበት ሥርዓት አይደለም።

ሒሳቡ ለ8,000 ብሩ ሰው በአምስት ዓመት እንዲህ ነው። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ 8,000። ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ፣ 2,667፤ በአራት ዓመት 10,667። ድምሩ 18,667 ብር ነው። ምክንያቱ ቅነሳ ስለሆነ ተጨማሪ የ60 ቀን፣ 16,000። በጠቅላላው 34,667 ብር። የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ካልተሰጠው ደግሞ የዚያ ክፍያ 16,000 ይታከላል። ያልወሰደው የዓመት ፈቃድም በገንዘብ ይታሰብለታል። ሁሉም በሰባት የሥራ ቀናት መከፈል አለበት።

በየዓመቱ የሚታደሰውን ውል አይፍሩት። በመርህ ደረጃ የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል፤ ለተወሰነ ጊዜ የሚደረገው አንቀጽ 10 በዘረዘራቸው ሁኔታዎች ብቻ ነው። ሻንጣ መጫን አውሮፕላን እስካለ የማያቋርጥ ሥራ ነው። አምስት ጊዜ የታደሰ ውል ይዞ «ጊዜው አልቋል» የሚል አሠሪ ክርክሩ ቀላል አይሆንለትም። አምስቱንም የውል ወረቀት ይያዙ፤ የጠፋባቸው ካሉ የባንክ ስቴትመንትና የጡረታ መለያ ቁጥራቸው የአገልግሎቱን ዘመን ያሳያል።

ራምፕ፦

ስለ ስድስትና አራት ሰው አንድ ነገር። ይኼ የደመወዝ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

1,400 ኪሎ ሻንጣ ወርዶ ሌላ 1,400 ኪሎ የሚወጣው በግማሽ ሰዓት ግድም ነው። ኪው 400 ላይ ትልቁ የዕቃ ክፍል የኋላው ነው፤ ውስጡ ያለው ሰው ተንበርክኮና ጎንበስ ብሎ ነው የሚደረድረው። ስድስት ሲሆኑ ሁለቱ ውስጥ፣ ሁለቱ በር ላይ፣ አንዱ ጋሪ ላይ፣ አንዱ ታግ (የሻንጣውን መለያ ወረቀት) እየቆጠረ ነው። አራት ሲሆኑ መጀመሪያ የሚጠፋው ቆጣሪው ነው። ያን ጊዜ ሎድ ሺቱ (የጭነቱ ክብደትና ቦታ የሚጻፍበት ወረቀት) ላይ የተጻፈውና ክፍሉ ውስጥ ያለው አይገጥምም፤ ፊት ሊገባ የታሰበው ኋላ ይገባል፣ መረቡ በደንብ ሳይታሰር በሩ ይዘጋል። የአውሮፕላኑ ሚዛን የሚሰላው በዚያች ወረቀት ነው።

አራት ሰው ከሆነ አራት ሰው ይሁን፤ ግን ሁለት ነገር አይነካ። አንዱ ሰው ቆጣሪ ብቻ ሆኖ ይቆይ፣ ሻንጣ አያንሳ። ቁጥሩ ካልገጠመ በር ከመዘጋቱ በፊት ለሎድ ሺቱ ኃላፊ ይነገር፤ አሥር ደቂቃ መዘግየት ይሻላል። ከ32 ኪሎ በላይ የሆነውን አንድ ሰው ብቻውን አያንሳ፤ ወገብ አንዴ ከሄደ አይመለስም። በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ካለ በዚያው ቀን በጽሑፍ ይመዝገብ።

የጂሬን ልጅ፦

ሁለት ልጆች ቅጹን ባለፈው ሳምንት ፈርመዋል። ለእነሱ አለፈ ማለት ነው?

የሥራ ክርክር፦

አላለፈም። ዛሬውኑ «የፈረምኩት በድርጅቱ ትእዛዝ እንጂ በግል ጉዳዬ አይደለም፤ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ» ብለው በጽሑፍ ያስገቡ፣ ቀን ያስመቱ። ሁለቱም አንድ ቀን፣ አንድ ዓይነት ቅጽ መፈረማቸው ራሱ ማስረጃ ነው፤ ሁለት ሰው በአንድ ቀን አንድ ዓይነት የግል ጉዳይ አይገጥመውም። የስብሰባውን ማስታወቂያ በስልክ ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ።

ይርጋውን፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበትን የጊዜ ገደብ ግን ይጠንቀቁ። ያልተከፈለ ደመወዝና ትርፍ ሰዓት በ6 ወር፣ ውል ሲቋረጥ የሚገባ ክፍያም በ6 ወር ይታገዳል። ከሥራ ተሰናብቶ ልመለስ የሚል ሰው ጊዜው 3 ወር ብቻ ነው። ሽምግልና ይዞ ሲመላለስ ሦስት ወር ያለፈበት ሰው ብዙ ነው፤ ሽምግልናው ይቀጥል፣ ክሱ ግን በጊዜው ይግባ።

ፔሮል፦

ከመፈረም በፊት ያለፉትን ስድስት ወር ፔይ ስሊፕ ይሰብስቡ። መነሻ ደመወዝና ትርፍ ሰዓት ለየብቻ የተጻፉበት መሆኑን ይዩ፤ በአንድ መስመር ከተደመሩ ተለይተው እንዲጻፉ አሁኑኑ በጽሑፍ ይጠይቁ።